ልክ

አራዳ፣ ከጨው ተራ ጎን፣ ካንዲት ጠባብ ደጃፍ፣
ሠላሳ ዓመት ኖርሁ ስቀድ፣ ስሰፋ፣ ስጠልፍ።
የሰው ልክ ዐውቃለሁ፤
ትከሻውን አይቼ ሸክሙን እገምታለሁ።

ሰኔ ነው። ዝናቡ ያፏጫል በቆርቆሮው ቀዳዳ፤
ጃንጥላ ዐጥፋ ገባች አንዲት ቀጭን እንግዳ።
«አሪየት ኡመድ እባላለሁ፤
የዛሬ ሳምንት ሆስፒታል ሥራ እጀምራለሁ፤
ነጭ ጋወን እፈልጋለሁ።»

ደግ ሰው ነኝ፤ ወንበር ሳብሁ፣ በክንዴ ወለወልሁ፤
«አማርኛሽ እንዴት ይጥማል! የት ተማርሽው?» አልሁ።
«ያንተም ይጥማል፤ አንተስ የት ተማርኸው?»
ሳቅሁላት፣ በቀልድ ቆጥሬው።

እትዬ ዘርፌ አግዳሚው ላይ፣ ቀሚሷን ስትጠብቅ፣
ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች፤ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፣
እንዲያው ሳበችው፣ ሰው ዝንብ እንደሚያባርር፣
እጁ የሠራውን ልቡ ሳይመረምር።
«ከወዴት ነሽ ልጄ?»
«ከጋምቤላ።»
«አዎ፣ መልክሽ ያሳብቃል፤
ጥርስሽ ግን እንዴት ያምራል! እግዜር መካስ ያውቃል።»

እኔ? በከንፈሬ አምስት ስፒል ነክሼ ነበር።
አፉ ስፒል የያዘ ሰው ምን ብሎ ይናገር?

ልክ ወሰድሁ።
ሜትሩን ከሩቅ ይዤ፣ በሁለት ጣቴ ጫፍ፣
ክንዷን ሳልነካ ክንዷን ሳልፍ፣
ከብብት እስከ አንጓ ያለውን በዓይኔ ሞላሁት።
ሴት ናት፣ አልሁ፤ ነውር ነው፣ አልሁ፤ ራሴን ሸነገልሁት።
የእትዬ ዘርፌን ትከሻ ግን ያኑ ጧት ነው የለካሁት፣
በመዳፌ ሙሉ ይዤ።

ዐርብ መጥታ ለበሰችው ከመጋረጃው ጀርባ፤
ትከሻው ጨምድዶ ይዟት፣ ቁልፉ ካይኑ አልገባ፣
እጅጌው ክርኗን አልፎ መንገድ ላይ ቀርቷል።
«ክንድሽ ረዝሞብኝ ነው፤ እንዲህ ያለ መች ይገኛል?»

እጇን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋችው።
«ክንዴ ልኩ ነው» አለች።
«ያጠረው እጅጌው ነው። አንተ አልለካኸኝም።»
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ከወለቃ በላይ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቷን ትዘረጋ ነበር ገበያ ላይ።
ማንም በፊቷ «ቡዳ» አላላት፤ ጨዋ ነው ያገሬ ሰው፤
«እጅሽ ይባረክ» ይላታል፣ ድስቷን እያገላበጠው።
ሳንቲሙን ግን ከእጇ ሳይሆን ከመሬት ያስቀምጣል፤
ልጅ ያዘለች የልጇን ፊት ትሸፍናለች፣ ለነፋስ ይመስል።
ጎንበስ ብዬ የምለቅም የሰባት ዓመቱ ልጅ እኔ ነኝ፤
ያ አቧራ ከጥፍሬ ሥር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝ።

ታዲያ የዚያች ሴት ልጅ፣ እኔ፣ ጣቴን የሰበሰብሁት?
«አንተስ የት ተማርኸው?» ብላኝ አልነበር?
አሁን ገባኝ፤ ከዚያው ገበያ፣ ከዚያው አፈር።

«ብትፈቅጂ እንደገና...» አልሁ፣ ሜትሩ በእጄ እየራደ።
«ለካ» አለችኝ።
ለካ!
ትከሻዋን በመዳፌ ያዝሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ደክሟል፤
ስንት ዓመት መጽሐፍ የተሸከመ መሆኑ ያስታውቃል።
(ሌላም ሸክም አለበት፤ እዚያ ሜትሬ አይደርስም።)

እትዬ ዘርፌ ዛሬም አለች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች።
«ውይ፣ ነጩ ሲያርፍባት ደግሞ እንዴት ጎልታ ታየች!»
ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፣ እኔንም ከራሷ ቆጠረች።

ስፒሎቹን ከአፌ አወጣሁ፣ አንድ ባንድ፤ አምስት ናቸው።
ጊዜ ፈጁ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው።
«ቦርሳሽን ልቀቂው፣ እትዬ። ማንም አልጠየቀሽም።»
ይኸው ነው ያልሁት። የረባ ንግግር አይደለም፤
የተሻለው ቃል የመጣልኝ ሌሊት ነው፣ አልጋ ላይ።
«ምን አልሁ? አመሰገንኋት እንጂ!» ብላ ወጣች፣ ቀሚሷን ከሚስማሩ ነጥቃ፤
ዛሬ ማዶ ካለው ሰፊ ዘንድ ታሰፋለች፣ ሰላምታዬን ንቃ።

አሪየት አላመሰገነችኝም። ለምን ታመሰግነኝ?
እሑድ ሠርቼ ስጨርስ፣ «ሒሳቡ ይቅር» ስል፣ አየችኝ።
ብሩን ቆጠረች፣ ቀስ ብላ፣ ጠርዙን አስተካከለችው፤
ከጠረጴዛው ሳይሆን
ከመዳፌ ላይ አኖረችው።